ብረት የማይረሳውን የለካ ሰው

ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ በፒያሳ በነበሩት ሙዚቃ ቤቶች ዘፈኑም መዝሙሩም ለብዙ ዘመን በካሴት ሲቀዳ ኖሯል። ለመሆኑ በዚያች ቀጭን ቡናማ ክር ላይ የተቀባው የብረት ዝገት ዱቄት ድምፅን እንዴት ይዞ ይቆያል? ይህን የብረት ጠባይ በትዕግሥት ከለኩት ሊቃውንት አንዱ ጄምስ አልፍሬድ ዩዊንግ ነው።

ዩዊንግ በ1855 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ፣ በደንዲ ከተማ ከአንድ የወንጌል ሰባኪ ተወለደ። በኤዲንብራ ምሕንድስና ተምሮ በባሕር ውስጥ የቴሌግራም ሽቦ ከሚዘረጉት ጋር እስከ ደቡብ አሜሪካ ተጓዘ። በ1878፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። ጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ናትና መንቀጥቀጡን የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ፤ ብረትንም በመግነጢስ መመርመር የጀመረው እዚያው ነው።

ምርመራው እንዲህ ነበር። በብረቱ ዙሪያ ሽቦ ጠምጥሞ ኤሌክትሪክ ሲለቅበት ብረቱ መግነጢስ ይሆናል። ኤሌክትሪኩን በጥቂት በጥቂቱ ሲቀንሰው ግን መግነጢሱ እኩል አይወርድም፤ ወደ ኋላ ይጎተታል። ኤሌክትሪኩ ፈጽሞ ሲቋረጥ እንኳ የሚቀር አለ። ያን ቀሪ ለማጥፋት ኤሌክትሪኩን አዙሮ በተቃራኒው መስደድ ያስፈልጋል። ዩዊንግ ይህን መዘግየት ከግሪክ ቃል ወስዶ ሂስተሪሲስ አለው። ጀርመናዊው ኤሚል ቫርቡርግ ያንኑ ነገር በ1881 ቀድሞ አሳትሞ ነበር፤ ስም ሆኖ የቀረው ግን የዩዊንግ ቃል ነው። ለቫርቡርግ ማዘኔ አልቀረም።

እንግዲህ ካሴቱ የሚሠራው በዚያ ቀሪ ነው። ዱቄቱ በቀላሉ የሚገለበጥ ቢሆን መዝሙሩ ቶሎ ይጠፋል፤ እጅግ ግትር ቢሆን ደግሞ መቅጃው ሊጽፍበት አይችልም። በመካከል ያለውን ለማግኘት መለካት ግድ ነው። ዛሬም የኮምፒዩተር ዲስክ የሚሠሩት ሁሉ አዲስ ቁስ ባገኙ ቁጥር ያንኑ የሂስተሪሲስ ቀለበት ይስላሉ።

በ1883 ወደ ደንዲ ሲመለስ የድሆቹ መንደር ጉስቁልና አሳዘነው፤ የፍሳሽ ማስወገጃው እንዲሻሻል ከከተማው ሹማምንት ጋር ደከመ። በ1890 ትንንሽ የመግነጢስ መርፌዎችን ደርድሮ እርስ በርስ እየተሳሳቡ እንዴት ባንድነት እንደሚገለበጡ አሳየ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን ባሕር ኃይል ምስጢር ፈቺዎች መራ፤ ከዚያም እስከ 1929 የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ሆኖ አገለገለ።

በጥር 1935 በ79 ዓመቱ ዐረፈ። ቴፕ የሚያጫውተው የመጀመሪያው የጀርመኖች መቅጃ በበርሊን ለሕዝብ የታየው በዚያው ዓመት፣ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ ነበር።