ንቦች ከሥራ ከመባረር ያዳኑት ሰው

እ.ኤ.አ. 1941፣ ሙኒክ። የእንስሳት ጥናት ፕሮፌሰሩ ካርል ፎን ፍሪሽ ከዩኒቨርሲቲ እንዲባረር ተወሰነበት። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? በእናቱ በኩል ያለችው አያቱ ዘሯ ከአይሁድ ነው። በናዚዎች ሒሳብ ሩብ አይሁድ ማለት ነው።

ያተረፈው በሽታ ነው። ያውም የንብ በሽታ! ኖዜማ የሚባል የአንጀት ተውሳክ የጀርመንን ንቦች እየፈጀ ነበር። ንብ ሲያልቅ ደግሞ የሚቀረው ማር ብቻ አይደለም፤ ፍራፍሬውም በደንብ አያፈራም። ጦርነት ላይ ላለ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሰውየው በሽታውን ያጥና፣ መባረሩ ከጦርነቱ በኋላ ይደርሳል ተባለ። ምሕረት አይደለም፣ ቀጠሮ ነው የሰጡት።

በ1944 ተቋሙ በቦምብ ሲፈርስ፣ ፍሪሽ ሥራውን የቀጠለው የልጅነት እረፍቱን ባሳለፈባት ብሩንቪንክል በምትባል የኦስትሪያ ሐይቅ ዳር መንደር ነው። እዚያም 20 ዓመት ያህል ተሳስቶ እንደነበር ገባው።

በ1920ዎቹ ንቦች ሁለት ዓይነት ጭፈራ እንዳላቸው ጽፎ ነበር፤ ክብ ዙረቱ የአበባ ወለላ አለ ማለት ነው፣ ኋላን እያወዛወዙ መሮጡ ደግሞ የአበባ ዱቄት አለ ማለት ነው ብሎ። ችግሩ የስኳር ውሃውን ሁሌም ቀፎው አጠገብ ነበር የሚያስቀምጠው። አርቆ ሲያስቀምጠው፣ ስኳር ውሃ የቀዱት ንቦችም ኋላቸውን ማወዛወዝ ጀመሩ። ለካ ልዩነቱ የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ርቀቱ ኖሯል! ስህተቱን ራሱ በጽሑፍ አረመ። (ስንቱ ፕሮፌሰር ያደርገዋል?)

ቀጥሎ አቅጣጫውንም ደረሰበት። ቀፎ ውስጥ ጨለማ ስለሆነ ፀሐይ አትታይም። ስለዚህ ንቧ ቀጥ ብሎ በቆመው የማር እንጀራ ላይ ወደ ላይ ማለትን ወደ ፀሐይ ማለት ታደርገዋለች። ከቀጥታው 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ከሮጠች፣ ከፀሐይ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ብረሩ ነው መልእክቱ። ውዝዋዜው በረዘመ ቁጥር ቦታው ይርቃል፤ 1 ሰከንድ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ባጭሩ ሎኬሽን እየላከች ነው።

በ1973 ከኮንራድ ሎሬንዝና ከኒኮላስ ቲንበርገን ጋር ኖቤል ተሸለመ፤ በ1982 በ95 ዓመቱ አረፈ። ንቦቹ የሚመሩት በሽታ ነው እንጂ በጭፈራው አይደለም ብለው የተሟገቱት ግን ነበሩ። በ2005 ተመራማሪዎች ጭፈራውን አይተው የወጡ ንቦችን ያዙና፣ ጥቃቅን አንቴና ጀርባቸው ላይ ለጥፈው ሌላ ቦታ ወስደው ለቀቋቸው። ራዳሩ ሲከታተላቸው፣ ንቦቹ በተነገራቸው አቅጣጫ የተነገራቸውን ያህል በረሩና ምግብ የሌለበት ሜዳ ላይ መፈለግ ጀመሩ።