ኤድዋርድ በርናርድና የሰማዩ አቧራ

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የአንድ የከዋክብት ተመራማሪ የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። ኤድዋርድ ኤመርሰን በርናርድን የመረጥንበት ምክንያት፤ በሕፃንነቱ ሁለት ወር ያህል ብቻ ትምህርት ቤት ገብቶ፤ በኋላ በከዋክብት መካከል የሚታየው ጨለማ ምን እንደ ሆነ ለዓለም ስላስረዳ ነው። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በርናርድ በ1857 ዓ.ም. በአሜሪካ፤ በቴነሲ ግዛት፤ በናሽቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ እርሱ ሳይወለድ ስለ ሞተ እናቱ በብዙ ድካም አሳደገችው። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ሲል በአንድ ፎቶግራፍ ቤት ተቀጠረ። በዚያ ዘመን ሥዕል የሚያጎላው መሣሪያ የሚሠራው በፀሓይ ብርሃን ነበርና፤ የልጁ ሥራ መሣሪያውን ቀኑን ሙሉ ፀሓይዋን እየተከተለ ማዞር ነበር። ትዕግሥትንም የፎቶግራፍንም ጥበብ የተማረው በዚያ ነው።

ባደገ ጊዜ የዓመት ደመወዙን ሁለት ሦስተኛ ያህል፤ ማለት 380 ዶላር አውጥቶ ቴሌስኮፕ ገዛ። ቀን እየሠራ ሌሊት ሰማዩን ይመረምር ጀመር። አዲስ ጅራታም ኮከብ ላገኘ ሰው 200 ዶላር ይሸለም ስለ ነበር፤ በርናርድ ደጋግሞ እያሸነፈ በሽልማቱ ቤት ሠራ። በ1883 ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው። ከዚያም በካሊፎርኒያ በሚገኘው በሊክ የከዋክብት መመልከቻ ሲሠራ፤ በ1892 የጁፒተርን አምስተኛ ጨረቃ አገኘ። ጋሊሊዮ አራቱን ካገኘ ከ1610 ወዲህ ሌላ ያገኘ ሰው አልነበረም።

ትልቁ ሥራው ግን ፍኖተ ሐሊብን ለብዙ ዓመታት ፎቶግራፍ ማንሣቱ ነው። በሥዕሎቹ ላይ፤ እንደ አሸዋ በበዙት ከዋክብት መካከል፤ ጥቁር ሥፍራዎች ይታዩ ነበር። ቀድሞ ዊልያም ኸርሸል እነዚህን ከዋክብት የሌሉባቸው ባዶ ቦታዎች አድርጎ ገምቷቸው ነበር፤ በርናርድም ብዙ ዘመን እንዲሁ ያምን ነበር። በ1913 ጨረቃ በሌለችበት አንድ ሌሊት ግን ትንንሽ ደመናዎች በፍኖተ ሐሊብ ፊት ጠቁረው አየ። የምድር ደመና የኋላውን ብርሃን ጋርዶ እንዲህ ከታየ፤ በሥዕሎቹ ያሉት ጥቁር ሥፍራዎችም ብርሃን የሚጋርዱ ነገሮች መሆን አለባቸው ብሎ አሰበ። የቆየ እምነቱን ለመተው አላፈረም፤ በ1919 ዓ.ም. 182 ጥቁር ሥፍራዎችን ዘርዝሮ አሳተመ። በ1923 ዐረፈ።

ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፤ በ1930፤ ሮበርት ትረምፕለር 100 የከዋክብት ስብስቦችን መርምሮ፤ አቧራው በጥቁሮቹ ሥፍራዎች ብቻ ሳይሆን በከዋክብት መካከል ሁሉ በስሱ እንደ ተበተነ አረጋገጠ። ይህን እኛ የባሕር ዳር ልጆች በቀላሉ እንረዳዋለን። ጭጋግ በጣና ላይ ሲወርድ በታንኳ ላይ ያለ ፋኖስ ይደበዝዛል፤ ጭጋጉን ያላሰበ ሰውም ፋኖሱ ከእውነተኛው ቦታ የራቀ ይመስለዋል። ሊቃውንቱም አቧራውን ሳያስቡ ለከዋክብት የሰጡት ርቀት ከልክ ያለፈ ነበር። ደግሞም አቧራው ከቀዩ ይልቅ ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ ስለሚበትን፤ በበጋ ጀንበር በአቧራ ውስጥ ስትጠልቅ እንደምትቀላ ሁሉ የሩቅ ኮከብም ወደ ቀይነት ያደላል። ስለዚህ ዛሬ ርቀት የሚለካ ሰው በመንገድ የቀረውን ብርሃን ጭምር ያሰላል፤ ከአቧራው ወዲያ ያለውንም ለማየት ኢንፍራሬድ በሚባለው፤ ዓይን በማያየው ጨረር ይጠቀማል።

ክረምቱ አልፎ በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ሲጠራ፤ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ከከተማው መብራት ራቅ ብሎ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው፤ ፍኖተ ሐሊብን ለሁለት የሚከፍል ጥቁር መስመር ያያል። ከዚያ መስመር በስተኋላ እጅግ ብዙ ከዋክብት አሉ፤ የጋረዳቸው አቧራ ነው። እኛም ተማሪዎች ከበርናርድ የምንማረው፤ ድኽነት ከትምህርት እንዳያስቀረንና ያየነው ነገር ያመንነውን ሲያፈርስ ያየነውን እንድንከተል ነው።