የመስተዋት ሠሪው ልጅ፤ የዮሴፍ ፍራውንሆፈር የሕይወት ታሪክ

መስተዋት ከአሸዋ እንደሚሠራ ብዙዎቻችን እናውቃለን። የአሸዋ ክምር ብርሃን አያሳልፍም፤ ከፖታሽና ከኖራ ጋር ተደባልቆ በብርቱ እሳት ሲቀልጥ ግን ብርሃን ያለ ችግር የሚያልፍበት ነገር ይሆናል። የዘወትር ዕቃ ስለ ሆነም ማንም ቆም ብሎ አያደንቀውም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ መስተዋትን ሲመረምር የኖረና፥ በዚሁ ምክንያት ፀሓይና ከዋክብት ከምን እንደ ተሠሩ የሚታወቅበትን መንገድ የከፈተ አንድ ሰው ነበረ። ስሙም ዮሴፍ ፎን ፍራውንሆፈር ይባላል። በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የርሱን ታሪክ ለመጻፍ የመረጥነው፥ ስለ ኒውተንና ስለ አይንስታይን በየጊዜው ስንሰማ ስለ ፍራውንሆፈር የምንሰማው ጥቂት በመሆኑ ነው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፍራውንሆፈር ማርች 6 ቀን 1787 ዓ.ም. በጀርመን አገር፥ በባቫርያ ግዛት፥ ሽትራውቢንግ በምትባል ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ዐሥራ አንደኛ ልጅ ነበረ። አባቱ መስተዋት እየቈረጠ በመስኮት ላይ የሚገጥም ባለእጅ ነበረ፤ ልጁም አባቱን በሥራ ስለሚረዳ የተማረው ትምህርት እጅግ ጥቂት ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው እናቱም አባቱም ሞቱበት። አሳዳጊዎቹ ወደ ሙኒክ ከተማ ላኩትና ቫይክሰልበርገር ለሚባል የመልክ ማሳያ መስተዋት ሠሪ ሰጡት። ለሙያው ትምህርት የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረው፥ ስድስት ዓመት ያለ ደመወዝ እንዲያገለግል ተዋዋሉለት።

ጌታው የሚፈልገው ሥራውን ብቻ ነበረ። በዚያ ዘመን በሙኒክ ለሠራተኛ ልጆች በበዓል ቀን የሚሰጥ ትምህርት ነበረ፤ ቫይክሰልበርገር ግን ልጁ ወደዚያ እንዲሄድ አልወደደም፤ መጽሐፍ ማንበቡንም ጠላበት። ይህ ሰው ክፉ ስለ ነበረ ነው ብለን አንፈርድም። ከሚያነብ ልጅ ይልቅ የሚወለውል ልጅ ይጠቅመኛል ብሎ ያሰበ ይመስለናል፤ እንዲህ የሚያስቡ ሰዎችም በየአገሩ አሉ።

ጁላይ 21 ቀን 1801 ዓ.ም. የጌታው ቤት በድንገት ተናደ። የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ከፍርስራሹ ሥር ተቀበረ። ሰዎች ተሰብስበው ግንዱንና ድንጋዩን እየፈነቀሉ ብዙ ሰዓት ቈፈሩ፤ የባቫርያ ገዥ የነበሩት መስፍን ማክሲሚልያን ዮሴፍም ራሳቸው በስፍራው ተገኙ። ልጁ በሕይወት በወጣ ጊዜ መስፍኑ ደስ ብሏቸው 18 የወርቅ ዱካት ሰጡት። ኡትሽናይደር የተባለ ባለጸጋም በዚሁ ምክንያት ዐወቀውና ስለ ሒሳብና ስለ ብርሃን የተጻፉ መጻሕፍት አመጣለት።

አንድ ድኻ ልጅ እንዲህ ያለ ወርቅ በእጁ ሲገባ ልብስ ቢገዛበት ማንም አይነቅፈውም ነበር። ፍራውንሆፈር ግን የመስተዋት መቍረጫ መሣሪያ ገዛበት፤ በቀረውም ገንዘብ ከጌታው ያልጨረሰውን የአገልግሎት ዘመን ተቤዠ። ቀጥሎም የስም ካርድ እየቀረጸ በመሸጥ ራሱን ችሎ ለመኖር ሞከረ፤ ንግዱ ግን አልቀናውምና ተመልሶ ለዚያው ለቫይክሰልበርገር መሥራት ግድ ሆነበት። በመጨረሻ በ1806 ዓ.ም. ኡትሽናይደር ከባልንጀሮቹ ጋር ባቋቋመው የመሣሪያ ፋብሪካ ተቀጠረ።

የፋብሪካው የመስተዋት ክፍል የነበረው ከሙኒክ ወጣ ብሎ በቤኔዲክትቦይርን ነው። ይህ ስፍራ ብዙ መቶ ዓመት የመነኮሳት ገዳም ሆኖ ኖሮ፥ በ1803 ዓ.ም. መንግሥት የገዳማቱን ሀብት ሲወስድ ባዶውን የቀረ ነው። ከገዳሙ ቤቶች በአንዱ ውስጥ የማቅለጫ ምድጃ ተሠራ።

እዚህ ላይ ችግሩን ለአንባቢ ማስረዳት ይገባናል። ስኳር በብርጭቆ ሻይ ውስጥ ሲሟሟ ከሥሩ ጭረት የሚመስል ነገር እየተጥመለመለ ሲነሣ ሁላችንም አይተናል። ስኳሩ የበዛበት ክፍልና ያነሰበት ክፍል ብርሃንን እኩል ስለማያጐብጡት ነው። የቴሌስኮፕ መስተዋትም እንዲሁ ነበረ። ብርሃንን አብዝቶ የሚያጐብጠው ዓይነት፥ ማለት ፍሊንት የሚባለው፥ በውስጡ እርሳስ አለበት። እርሳስ ከባድ ስለ ሆነ በቀለጠው መስተዋት ውስጥ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ሲቀዘቅዝም ጭረትና ሞገድ የሞላበት መስተዋት ይወጣል። ለመስኮት ቢሆን ግድ የለም፤ ኮከብን ለማየት ግን አይረባም። በዚህ ምክንያት ትልቅና ንጹሕ የፍሊንት ቍራጭ በመላ አውሮፓ ብርቅ ነበረ። ጊናን የተባለ ስዊሳዊ የቀለጠውን መስተዋት እሳት በሚችል የሸክላ ዘንግ ማማሰልን አስቦ ነበርና በቤኔዲክትቦይርን ለፍራውንሆፈር ይህንኑ አስተማረው። ሁለቱ ብዙ አልተስማሙም፤ ጊናንም በ1814 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ።

ንጹሕ መስተዋት ከተገኘ በኋላም ሌላ ችግር ቀረ። ብርሃን ከአየር ወደ ሌላ ነገር ሲገባ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ መንገዱን ያጐብጣል። የማጕበጡም መጠን በውሃ 1.33፥ በተራ መስተዋት 1.5 ያህል፥ እርሳስ ባለበት መስተዋት ደግሞ 1.6 እና ከዚያም በላይ ነው። ነገር ግን ሰማያዊው ብርሃን ከቀዩ ይልቅ ይጐብጣልና፥ በአንድ ሌንስ ብቻ የታየ ኮከብ በቀለም ቀለበት ይከበባል። ሁለት ዓይነት መስተዋት ቢጣመሩ አንዱ የሌላውን ጕድለት ያርማል፤ ለዚህም እያንዳንዱ ቀለም በእያንዳንዱ መስተዋት ውስጥ ምን ያህል እንደሚጐብጥ በትክክል መለካት ያስፈልጋል። ታዲያ በፕሪዝም የተዘረጋው ኅብረ ቀለም ቀይ ከየት ላይ አብቅቶ ብርቱካናማው ከየት እንደሚጀምር ምልክት የለውም። ምልክት የሌለውን ነገር እንዴት ይለኩታል?

ፍራውንሆፈር ምልክት ፍለጋ ጀመረ። የመብራትን ነበልባል በፕሪዝም ሲመለከት በቢጫው አካባቢ አንድ ደማቅ መስመር አገኘ። ይህ መስመር በፀሓይ ብርሃንም ይኖር ይሆን ብሎ ጠየቀ። መስኮቱን ዘግቶ በቀጭን ስንጥቅ ብቻ የፀሓይን ብርሃን ወደ ጨለማው ክፍል አስገባ፤ ከስንጥቁ 24 ጫማ ርቆም ፕሪዝሙን በአንድ የመለኪያ ቴሌስኮፕ ፊት አቆመና ተመለከተ። ደማቁን መስመር አላገኘም። በምትኩ ያየው፥ በነጠላ ጥለት ላይ ጥቁር ክር ተራ በተራ እንደ ተጣለ ያህል፥ ቀለማቱን የሚያቋርጡ ስፍር ቍጥር የሌላቸው ጥቁር መስመሮች ነው። ጊዜው 1814 ዓ.ም. ነበረ።

በርግጥ እንግሊዛዊው ዎላስተን በ1802 ዓ.ም. ከነዚህ መስመሮች ጥቂቶቹን አይቶ ነበር፤ ነገር ግን የቀለሞች ድንበር መስለውት አለፋቸው። ፍራውንሆፈር አላለፋቸውም። የመስተዋቱ ጕድለት እንዳይሆኑ ፕሪዝሙን እየለዋወጠ ፈተነ፤ መስመሮቹ ግን ከስፍራቸው አልተነቃነቁም። እንግዲህ ከመስተዋቱ ሳይሆን ከብርሃኑ የመጡ ናቸው ማለት ነው። ከ570 በላይ ቈጠረ፤ ዋና ዋናዎቹንም ከኤ ጀምሮ በላቲን ፊደል ሰየማቸው፤ ዛሬም በነዚሁ ፊደሎች ይጠራሉ። ሲፈልገው የነበረው ምልክት ተገኘለትና መስተዋቶቹን ከርሱ በፊት ማንም ባልደረሰበት ጥንቃቄ ለካ።

ለሥራው ይህ ይበቃው ነበር። እርሱ ግን ቬኑስ የምትባለውን ፈለክ ተመለከተ፤ ያው የፀሓይ መስመር ሆነ። ሲሪየስ የተባለውን ኮከብ ሲመለከት ግን የመስመሮቹ አሰላለፍ ሌላ ነበረ። ደግሞም የነበልባሉ ቢጫ መስመር ያረፈው ዲ ከተባለው የፀሓይ ጥቁር መስመር ላይ ልክ መሆኑን አስተዋለ። ምክንያቱን ሳያውቅ ያየውን ብቻ በትክክል ጻፈ። በ1821 ዓ.ም. ደግሞ እጅግ ቀጫጭን ሽቦዎችን ጐን ለጐን ወጥሮ፥ ብርሃንን በመካከላቸው በማሳለፍ የየቀለሙን የሞገድ ርዝመት ለካ።

የባቫርያ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሊሆን በታጨ ጊዜ፥ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ባለእጅ ከሊቃውንት ጋር ሊቀመጥ አይገባም ብለው የተቃወሙ ነበሩ። በእጁ የሚሠራን ሰው መናቅ የኛ አገር ልማድ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ሆኖም በ1817 ዓ.ም. በአባልነት ተቀበሉት፤ በ1822 ዓ.ም. የኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጠው፤ በ1824 ዓ.ም. ደግሞ ፎን የሚለውን የመኳንንት ማዕርግ አገኘ። እኛ የማናመሰግንለት አንድ ነገር አለ። የብርሃንን ምርምር ለዓለም ሁሉ ሲገልጥ፥ የመስተዋቱን አቀላለጥ ግን ምስጢር አድርጎ ያዘ። ለፋብሪካው ትርፍ መሆኑ ይገባናል፤ ሆኖም መጽሐፍ ተነፍጎት ያደገ ሰው ዕውቀትን ከሌላው ሲሸሽግ ማየት ያሳዝናል።

በ1824 ዓ.ም. ለዶርፓት፥ ዛሬ በኢስቶንያ ታርቱ ለምትባለው ከተማ፥ የላከው ቴሌስኮፕ የሌንሱ ስፋት 24 ሳንቲ ሜትር ነበረ፤ በዚያ ዘመን በዓይነቱ ከሱ የሚበልጥ አልነበረም። ከዚህ በኋላ ብዙ አልቈየም። ጁን 7 ቀን 1826 ዓ.ም. በሙኒክ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ዕድሜው 39 ዓመት ነበረ። የምድጃው ትነት ጤናውን እንደ ጐዳው የሚገምቱ አሉ።

የመስመሮቹ ምስጢር የተፈታው በ1859 ዓ.ም. ነው። ኪርሆፍና ቡንዘን የተባሉ የሃይደልበርግ መምህራን፥ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲግል የሚሰጠውን ቀለም በጋዝ መልክ ሆኖ ከሚያልፍበት ብርሃን ላይ ያንኑ እንደሚያስቀር አሳዩ። ዲ የተባለው መስመር የሶድየም ነው። ጨው በእሳት ላይ ሲበተን ነበልባሉን ቢጫ የሚያደርገው ይኸው ሶድየም፥ በፀሓይ ዙሪያ ባለው ጋዝ ውስጥ ይገኛል። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ በምድር የማይታወቅ አንድ መስመር በፀሓይ ብርሃን ታይቶ ሄልየም ተባለ፤ ሄልየም በምድር ላይ የተገኘው ገና በ1895 ዓ.ም. ነው።

በቤኔዲክትቦይርን ገዳም ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ መነኮሳት ተመልሰው ገብተዋል፤ እነዚህም የዶን ቦስኮ ማኅበር ሳሌዝያውያን ናቸው። የፍራውንሆፈር የመስተዋት ማቅለጫ ቤት ሙዚየም ሆኖ ዛሬም በዚያው አለ።