ጄምስ ብሬይድ፦ ሂፕኖሲስን ከአስማት የለዩት ሐኪም

ሂፕኖሲስ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው በፊልም ያየው ትዕይንት ነው፤ አንዱ የኪስ ሰዓት ያወዛውዛል፣ ሌላው ፈዝዞ የታዘዘውን ሁሉ ይፈጽማል። ነገሩን ከአፍዝ አደንግዝ የሚቆጥሩትም አሉ። ፈቃድን ይነጥቃል ወይ? በሰመመን ውስጥ የገባ ሰው ሳይነቃ ቢቀርስ? የርኩስ መንፈስ ሥራ ቢሆንስ? ጥያቄዎቹ አዲስ አይደሉም። ከ180 ዓመታት በፊት በእንግሊዝ ከተሞች በመድረክም በቤተ ክርስቲያንም ተነሥተው ነበር። መልስ ፍለጋ የወጡት ሰው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ማጭበርበር መስሏቸው የነበሩ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ናቸው።

ጄምስ ብሬይድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1795 በስኮትላንድ ኪንሮስ አውራጃ ተወለዱ። በኤድንብራ ሕክምናን ከተማሩ በኋላ ሥራ የጀመሩት በትልቅ ከተማ ሳይሆን ሊድሂልስ በምትባል ተራራማ መንደር የእርሳስ ማዕድን ቆፋሪዎች ሐኪም ሆነው ነው። ኋላም ወደ ማንችስተር አቀኑ፤ በዚያም በቆልማማ እግርና በሸውራራ ዓይን ቀዶ ሕክምና ታወቁ። ዘመኑ የኤተር ማደንዘዣ በሥራ ላይ ያልዋለበት፣ ሕመምተኛው ነቅቶ እየጮኸ የሚቀደድበት ነበር። ሕመምን ስለሚያስታግስ ማናቸውም ነገር ሲወራ ብሬይድ ጆሯቸውን መስጠታቸው አያስገርምም።

በዚያን ጊዜ የሚወራው ሜስመሪዝም ነበር። ፍራንዝ ሜስመር የተባሉ ሐኪም ከፈዋሹ ወደ ታማሚው የሚፈስ የማይታይ መግነጢሳዊ ኃይል አለ ብለው ያስተምሩ ነበር። በ1784 ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ላቮዋዚየ የነበሩበት የፈረንሳይ ንጉሥ መርማሪ ጓድ ይህ ኃይል ስለመኖሩ ማስረጃ እንደሌለ አረጋገጠ፤ ትርኢቱ ግን አልቆመም። በኅዳር 1841 ፈረንሳዊው ሻርል ላፎንቴን ማንችስተር ሲደርስ ብሬይድ ተንኮሉን ሊያጋልጡ ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን ጥርጣሬያቸውን ይዘው ተመለሱ። በድጋሚ ሲሄዱ ግን አንድ ነገር ዓይናቸው ውስጥ ገባ፤ የታማሚው የዓይን ሽፋን በእውነት መከፈት አቅቶት ነበር።

ቤታቸው ገብተው ፈተናውን ጀመሩ። አንድ ወዳጃቸውን ከዓይን ከፍ ብሎ የተቀመጠ የወይን ጠርሙስ አፍ ላይ ትኩር ብሎ እንዲያይ ጠየቁት፤ በ3 ደቂቃ ውስጥ ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ተከደኑ። ባለቤታቸው የስኳር ማስቀመጫ ላይ ያለ ጌጥ እያዩ ፈዘዙ። አሽከራቸውን ደግሞ ስለ ሰመመን ምንም ሳይነግሩ አንድ ውሕድ በጥንቃቄ እንዲጠብቅ አዘዙት፤ እሱም እንቅልፍ ጣለው። ማንም በእጁ አልዳሰሰውም፣ ማንም ኃይል አላፈሰሰበትም። ብሬይድ የደረሱበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ ጉልበቱ ያለው በአስተኚው እጅ ሳይሆን በተኚው በራሱ ትኩረት ውስጥ ነው።

በሚያዝያ 1842 ሂው ማክኒል የተባሉ ስመ ጥር ሰባኪ በሊቨርፑል ሜስመሪዝምን የሰይጣን ሥራ ብለው ሰበኩ፤ የብሬይድንም ስም በማንሣት አወገዙ። ለአንድ የከተማ ሐኪም ይህ እንጀራንም ክብርንም የሚያሳጣ ክስ ነበር። ብሬይድ በሁለት ወር ውስጥ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳትመው መለሱ። በ1843 ደግሞ ዋና መጽሐፋቸው ወጣ፤ እንቅልፍ ከሚለው የግሪክ ቃል የተወሰደው ሂፕኖቲዝም የሚለው ስምም በእሳቸው ብዕር ተስፋፋ።

ፈቃድ ስለመነጠቁ የሰጡት መልስ ግልጽ ነበር፤ በሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ነውርን ከመልካም ይለያል፣ የማይወደውንም እንቢ ይላል። አለመንቃትም ቢሆን አላስፈራቸውም፤ በእጅ ማጨብጨብ ወይም ፊት ላይ ነፋስ ማራገብ ይበቃቸው ነበር። በእውነቱ ነገሩ ከእንቅልፍም ይለያል። ከሚታከሙት መካከል ምንም ሳያስታውስ የሚተኛው ከአሥር ከአንድ የማይበልጥ መሆኑን ሲረዱ፣ ራሳቸው ያወጡትን ስም ሊለውጡ ሞከሩ፤ በ1847 አንድ ሐሳብ ላይ መጽናት የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ስም አቀረቡ። ሰሚ አላገኙም። ስሙ ዛሬም ሰውን እያሳሳተ ይኖራል።

ስሕተት አልነበረባቸውም ማለት አይደለም። ለጥቂት ዓመታት የራስ ቅልን ቅርጽ ዳስሶ ጠባይን ይናገራል የሚለውን ከንቱ ትምህርት ከሂፕኖሲስ ጋር አዳብለው ነበር፤ ኋላ ተዉት። ጥንቃቄያቸው ግን ዛሬም ይሠራል። ሂፕኖሲስ የሁሉ በሽታ መድኃኒት ነው ማለትን ተቃወሙ፤ ባልሠለጠነ እጅ ለትርኢት መዋሉንም ነቀፉ። የዛሬ ሐኪሞችም እውነተኛውን ሥጋት የሚያዩት በዚሁ አቅጣጫ ነው። በሰመመን ውስጥ የተጠቆመ ነገር ያልተፈጸመውን እንደ ትዝታ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው አይመከርም፤ ራስ ምታትና ማዞርም አልፎ አልፎ ይታያል። ምርመራ የሚሻ ሕመም ያለበትን ሰው ከጤና ጣቢያ ካስቀረውማ ጉዳቱ ከሁሉ ይከፋል።

በታኅሣሥ 1859 ፖል ብሮካ በሂፕኖሲስ ስለተደረገ ቀዶ ሕክምና በፓሪስ ለሳይንስ አካዳሚ ሪፖርት አቀረበ፤ የማንችስተሩ ሐኪም ሥራም በፈረንሳይ ተነገረ። ብሬይድ ዜናው በደረሳቸው በጥቂት ወራት ውስጥ መጋቢት 25 ቀን 1860 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በማንችስተር በድንገት አረፉ። ዕድሜያቸው 64 ነበር።