ማሊክ አምባር፦ በባርነት ተሽጦ ሕንድ ላይ ንጉሥ ያነገሠው ሐበሻ

በቻናላችን ስለ ቀይ ባሕር ስናወራ የማሊክ አምባርን ስም አንስተን ነበር። ከዚያ ወዲህ በኮሜንት የሚመጣልን ጥያቄ አንድ ነው፦ ብሔሩ ምንድን ነው? ስለ ሰውዬው ሥራ የጠየቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ከሥሩ እንይና ወደ ጥያቄው ኋላ እንመለሳለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰውዬው የተወለደው በ1548 አካባቢ ነው፤ ቦታው ሐረርጌ እንደሆነ በብዛት ይነገራል። የልጅነት ስሙ ቻፑ ነበር። ኢማም አሕመድ ከተገደሉ ገና 5 ዓመት ገደማ ነው፤ አገሩ በጦርነት ደቅቋል፣ የተማረከ ሰው ወደ ባሕር እየተነዳ ይሸጣል። ወላጆቹ ተቸግረው ሸጡት የሚሉ አሉ፣ ተማርኮ ነው የሚሉም አሉ። ብቻ ልጁ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን፣ ከዚያም ባግዳድ ደረሰ። ሚር ቃሲም የተባለ ነጋዴ ገዛው። ጭንቅላት እንዳለው ሲያይ አስተማረው፤ ልጁም ሰለመ። አምባር የሚለው ስም የወጣለት እዚያ ነው።

በ1570ዎቹ መጀመሪያ ዴካን ወደሚባለው የሕንድ አገር ተወስዶ እንደገና ተሸጠ። የገዛው የአሕመድናጋር መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ቺንጊዝ ካን ነው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ቺንጊዝ ካን ራሱ በባርነት የሄደ ሐበሻ ነበር! የዴካን ነገሥታት ኢትዮጵያውያንን ለወታደርነት ይገዙ ነበር። ለምን? በአገሩ ዘመድ የሌለው ሰው ለጌታው ይታመናል ብለው ስለሚያስቡ ነው። እነዚህ ወታደሮች ነፃ ወጥተው ጄኔራልና ሚኒስትር እስከ መሆን ይደርሱ ነበር። ሕንዶቹ ደግሞ የሚጠሯቸው ሐብሺ እያሉ ነው፤ ያው ሐበሻ ማለት ነው።

ቺንጊዝ ካን ሲሞት አምባር ነፃ ወጣ። ጎረቤት አገር ቢጃፑር ሄዶ በወታደርነት አገለገለ፣ ማሊክ የሚለውን ማዕረግም አገኘ። በ1590ዎቹ ወደ አሕመድናጋር ሲመለስ አብረውት የነበሩት ፈረሰኞች 150 ገደማ ናቸው። በ1600 የሞጉሉ ንጉሥ የአክባር ጦር አሕመድናጋር ከተማን ያዘ። አለቀ ሲባል አምባር ከንጉሡ ዘር አንድ ወጣት ፈልጎ አነገሠ፣ ልጁንም ዳረለት። እሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ አገሪቱን መምራት ጀመረ።

ሞጉሎች ብዙ ሠራዊትና መድፍ ነበራቸው። አምባር ሜዳ ላይ አልገጠማቸውም። ቀላል ፈረሰኞቹን ይዞ ስንቃቸውን ይቆርጣል፣ በሌሊት ይመታል፣ ወደ ተራራው እየሳበ ያደክማቸዋል። ዛሬ ሽምቅ ውጊያ የምንለው ነው። በ1610 አካባቢ ሕንድ የነበረ እንግሊዛዊ ነጋዴ እንደዘገበው፣ ከጦሩ 10,000ው ሐበሻ ሲሆን 40,000ው የአገሬው ሰው ነበር። ማራታዎቹን አስጠግቶ ነው ያሸነፈው ማለት ነው። ሕንዶች ዛሬ ሐውልት የሚያቆሙለት የሺቫጂ አያትና አባት ከአምባር ጋር አገልግለዋል።

የአክባር ልጅ ጃሃንጊር በአምባር ከመብሸቁ የተነሳ፣ ተቆርጦ እንጨት ላይ የተሰካ የአምባርን ጭንቅላት በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። በእውን ግን አንድም ቀን አልያዘውም። ሥዕሉ ዛሬ ደብሊን፣ ቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። በ1624 ደግሞ ሞጉልና ቢጃፑር ተባብረው ሲመጡበት፣ ባትቫዲ ላይ የሐይቁን ግድብ ሰብሮ ሰፈራቸውን ጭቃ አደረገባቸውና መታቸው። ያኔ ዕድሜው 75 አልፏል!

ጦረኛ ብቻ አልነበረም። መሬት አስለክቶ ግብሩ በምርቱ ልክ እንዲሆን አደረገ። በ1610 ኻድኪ የምትባል ከተማ ቆረቆረ፤ ከምድር በታች ቦይ አስቆፍሮ ውሃ አስገባላት። ከተማዋ በኋላ አውራንጋባድ ተባለች፤ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። እዚህ ካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ከሕንዶች ጋር ጎረቤት ነን፣ ታክሲም አብረን እንነዳለን፤ ይህችን ከተማ ማን እንደቆረቆራት ግን እነሱም እኛም አናወራም።

መልአክ ነበር አንልም። ያነገሠው ንጉሥ በ1610 በመርዝ ሲሞት እጁ እንዳለበት ይነገራል፤ ከዚያም ሕፃን ልጅ አንግሦ ሥልጣኑን ቀጠለ። ፖለቲከኛ ነበር። በ1626 በ78 ዓመቱ ገደማ ሞተ፤ መቃብሩ ኩልዳባድ ነው። መንግሥቱም ከእሱ በኋላ የቆየው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ብሔሩን አጥብቀን የምንጠይቀው ለኩራት ነው፤ የእኛ ነው ለማለት። ግን የእኛ በነበረ ጊዜ ምን አደረግነው? ሸጥነው። ያስተማረው ባግዳድ፣ የሾመው ሕንድ ነው። ባርነትን በሕግ ጨርሰን የከለከልነው በ1942 ነው፤ ማሊክ አምባር ከሞተ ከ300 ዓመት በላይ አልፎ! ዛሬም ልጆቻችን በዚያው ባሕር በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። ከመካከላቸው ስንት አምባር እንዳለ ማን ያውቃል? አገራቸው ሳሉ ግን የሚጠየቁት ምን ይችላሉ ተብሎ ሳይሆን የማን ዘር ናቸው ተብሎ ነው። እሱ ከ50,000 ሰው 40,000ውን ዘሩ ካልሆነ ሕዝብ ያሰለፈ ሰው ነው። እኛ ከሱ መውረስ ያለብን ይሄንን ይመስለናል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጻፉልን።