ጆርጅ ብላወርስና የ1937ቱ የወረቀት ብር

ከጣሊያን ወረራ ማግሥት በኢትዮጵያ ገበያ የሚዘዋወረው ገንዘብ ብዙ ዓይነት ነበር። ጠገራ ብር፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የሕንድ ሩፒና የጣሊያን ሊሬ ሁሉም ይመነዘሩ ነበር። ይህን ዝብርቅ በአንድ ሕጋዊ ገንዘብ የመተካቱ ኃላፊነት በ1935 ዓ.ም. ሥራ ለጀመረው ለኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሲሰጥ፣ ሸክሙ ያረፈው ከቀዳሚዎቹ ገዥዎች አንዱ በነበሩት በአሜሪካዊው የባንክ ባለሙያ በሚስተር ጆርጅ ብላወርስ ትከሻ ላይ ነበር።

ችግሩ ኖት በማሳተም ብቻ የሚፈታ አልነበረም። ሕዝቡ ገንዘብን የሚያምነው በክብደቱና በድምፁ ነበርና፣ አሜሪካ በብድር ከሰጠችው ከ5 ሚሊዮን አውንስ በላይ ብር የ50 ሳንቲም መሐለቅ ተቀረጸ። ሕጉም ከሚወጣው ኖት ቢያንስ 75 በመቶው በወርቅ፣ በብርና በውጭ ምንዛሪ እንዲደገፍ አዘዘ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሥራ ላይ ዋለ። በአሜሪካ ሴኩሪቲ ባንክኖት ኩባንያ የታተሙት ከ1 እስከ 500 ብር ያሉት ኖቶች የንጉሠ ነገሥቱን ምስልና የብላወርስን ፊርማ ይዘው ወጡ።

ብላወርስ ከኢትዮጵያ ከሄዱ በኋላ በሊቢያ የገንዘብ ውሕደት ላይ ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ የሳዑዲ ዓረቢያ የገንዘብ ኤጀንሲ የመጀመሪያ ገዥ ሆኑ። ኤጀንሲው የወረቀት ገንዘብ እንዳያወጣ ሕግ ስለከለከለው፣ በ1953 የወጣው ወረቀት የሐጃጆች ደረሰኝ ተባለ። በዚያም አገር ብረት ለለመደ ሕዝብ ወረቀት ማስለመድ ግድ ሆነ።

የ1937ቱ ኖት ዛሬ አይገበያይበትም፤ ሰብሳቢዎች ግን በብርቱ ይፈልጉታል። የታተመበት ዘመን ስላልተጻፈበት ቀዳሚው ከተከታዩ የሚለየው በገዥው ፊርማ ነው፤ የብላወርስ ፊርማ ያለበት የመጀመሪያው ዘመን ነው። ቀጥሎ የሚመረመረው ይዞታው ነው። እጥፋት ያልነካው ኖት ከፍ ያለ ዋጋ ሲያወጣ፣ ታጥቦ የተተኮሰ ግን ንጹሕ ቢመስልም ዋጋው ይወድቃል። ትልልቆቹ ኖቶች ብርቅ ናቸው፤ 500 ብር በሣጥን አስቀምጦ ለመርሳት አቅም የነበረው ሰው ጥቂት ነበርና።

የብላወርስ ፊርማ በዘመኑ የጸናው ከበስተጀርባው በተቀመጠው ወርቅና ብር ነበር። ያ መያዣ ዛሬ የለም፤ ፊርማው ግን የኖቱ መለያ ሆኖ ቀርቷል። ሰብሳቢው የሚከፍለው ለብርቅነቱ ነው፤ የባንክ ባለሙያ ግን ያንን ወረቀት ሲያይ አመኔታ በምን ያህል ድካም እንደተገነባ ያነብበታል።