በዓሉ ግርማ፦ ደራሲውና ባልደረቦቹ

በኢሉባቦር ሱጴ የተወለደው በዓሉ ግርማ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ አሜሪካ ተሻግሮ ጋዜጠኝነትን አጠና። ሲመለስም እንጀራው የጋዜጣና የመጽሔት ዝግጅት ሆነ፤ «መነን»ንና «አዲስ ዘመን»ን በአዘጋጅነት መርቷል።

የዝግጅት ክፍል ሥራ የደራሲን ጊዜ ይሻማል፤ በዓሉን ግን ከብዕር ወዳጆች ጋር አዋለው። ከእነርሱ አንዱ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነበር፤ በ1972 ዓ.ም. ለታተመው «ደራሲው» ዋና ገጸ ባሕርይ፥ ለሲራክ፥ መነሻ የሆነው እርሱ መሆኑ ይነገራል። በዓሉ ከ1962 እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስ፥ መደበኛ ሥራውን ሳይተው፥ 6 ልብ ወለዶች አሳተመ።

የመጨረሻው «ኦሮማይ» ከሹመቱ አስነሣው፤ መጽሐፉም ከገበያ ተሰበሰበ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ባልደረባ ለደራሲ ብርታት ይሰጣል፤ ለጻፈው የሚጠየቀው ግን ራሱ ብቻ ነው።